ሰባት ሰው የነበረበት ኒካህ

ፋብሪኬትድ ነው የሚለው፣ የቪዛ ክልከላው ደብዳቤ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ደግሜ ባየውም ያው ነው፣ ኢንኮሬክት ቢል ምን ነበረበት፣ ኢንኮሬክት ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ ኢንአኩሬት ቢልማ ጭራሽ እሰየው ነበር፣ ትንሽ ዝንፍ ያለ ማለት ነው፣ ይሄ ግን ሆን ተብሎ፣ ተቀምጦ፣ ታስቦበት የተፈጠረ ውሸት ነው የሚለው፣ ሁዶ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፍ አፌን ታየኛለች።

ምን ይላል ቲቸር።

ቆይ፣ እያነበብኩ ነው፣ እላታለሁ። እያነበብኩ አይደለም፣ አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ቬንትሌተሩ የወረቀቱን ጫፍ ያነሳል ይጥላል፣ ከደጅ የቀፊራ ገበያ እንደ ልማዱ ይንጫጫል፣ ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ነው የመጣችው፣ ልጣጩ ሻርፗ ላይ ተለጥፏል፣ ልንገራት ወይስ ይተው፣ ኧረ የምን ልጣጭ ነው ነጅሙዲን፣ ወረቀቱን እይ።

ማመልከቻ እየጻፍኩና እየተረጎምኩ ማደር ሳልጀምር ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እነዚህን ቃላት ሰሌዳ ላይ እንደ መሰላል ደርድሬ ነበር የማስተምራቸው፣ ታች አንትሩ፣ እውነት ያልሆነ፣ ማንንም አይነካም፣ ከፍ ሲል ሚስሊዲንግ፣ አሳሳች፣ ፌክ ለዕቃ ነው ልጆች፣ ለሰዓት፣ ለጫማ፣ ቦገስ ለሰነድ፣ ለማኅተም፣ ጫፉ ላይ ፋብሪኬትድ፣ እዚያ የወጣ በሰላም አይወርድም እያልኩ አስቃቸው ነበር። የዛሬው የሁዶ ባል ዱዓሌ ያኔ ተማሪዬ ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ እጁን አወጣና በሶማሊኛ ግን ሁሉም በን ነው ቲቸር፣ ውሸት ውሸት ነው አለኝ፣ ቁጭ በል አልኩት። ክፍሉ ሳቀበት። አሁን አውስትራሊያ ሆኖ ይሄንኑ ደብዳቤ አንብቦታል፣ ሁዶ ከመሰላሉ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመች አሳምሮ ያውቃል፣ ማን አስተማረውና።

ትናንት ደወለ፣ ትላለች፣ እየጮኸ፣ የአባትሽ መቃብር ሳይደርቅ አዳራሽ ተከራይተን ከበሮ አስመታን ብለሽ ለመንግሥት ጻፍሽ ወይ አለኝ፣ በን ነው የጻፍሽው አለኝ፣ ይሄን ከዋሸሽ ሌላ ምን ዋሽተሽኛል አለኝ፣ እናቱም ሰማች፣ ፍቺ ፍቺ ይላሉ አሁን፣ እኔ መቼ ከበሮ አልኩ፣ ወላሂ ቲቸር፣ አንተ ነህ የጻፍከው፣ ያልኩህን አንተ ታውቃለህ።

አውቃለሁ። ይቺው ወንበር ላይ ሆና ነው የነገረችኝ። አባቷ በሞተ በሃያኛው ቀን፣ ገንደ ቆሬ፣ አጎቷ ቤት፣ ዱዓሌ የሚሄድበት ቀን ተቆርጦ ነበርና ኒካሁ አይዘገይም፣ ሰባት ሰው፣ ቴምርና ወተት፣ ፎቶ የለ፣ እልልታ የለ፣ ለአባቴ ክብር ብለን ዝም ብለን ተጋባን አለች። እኔ ምን አሰብኩ፣ ይሄን ማን ያምናል አልኩ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፈረንጅ ሰባት ሰው ሲያይ ፌክ ነው ብሎ ይወረውረዋል አልኩ። ለእሷው ብዬ ነው። እውነቷ እውነት እንዲመስል ብዬ ነው። ሁለት መቶ እንግዳ አልኩ፣ አዳራሽ አልኩ፣ ከበሮ አልኩ፣ አይ፣ ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝኛው እጄ ላይ ጣፈጠኝ፣ ያን አንቀጽ ጮክ ብዬ ለራሴ አንብቤዋለሁ። ለራሴ። ለእሷ አላነበብኩላትም፣ ከሥሩ ግን በምታውቀው ቋንቋ ተነቦላታል ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተሜን አደረግኩ፣ እሷም ጣቴ ያሳያት ቦታ ላይ ፈረመች። የቪዛ ሰዎቹ ዱዓሌን ሲጠይቁት ሰባት ሰው አለ። ምን ይበል፣ ሰባት ነበሩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፣ የእኔው እያደር ከበደ።

እዚያ ያሉት ናቸው ያበላሹት አይደል፣ ትለኛለች።

አንገቴ አዎ ሊል ይቃጣዋል። ቀላል ነው፣ እነሱ ናቸው፣ ፈረንጆቹ ናቸው፣ ትሄዳለች፣ ደጄ ላይ የተጻፈው ስሜም እንደተጻፈ ይኖራል፣ ስንቱን ኒካህ እንዲህ እንዳሳመርኩ ማንም አይጠይቅም፣ እሷ ግን ሦስት ዓመት ማመልከት አትችልም፣ ታች ተጽፏል፣ ሦስት ዓመት ባል ይጠብቃል እንዴ፣ በን ጻፍሽ ያላትን ሴት ይጠብቃል እንዴ።

እንካ፣ አንተን ያከብርሃል፣ ያልኩህን ንገርልኝ አቦ፣ ትልና ስልኩን አፌ ሥር ታመጣዋለች፣ የድምፅ መልእክት፣ ጣቷን ተጭናለች፣ መቅዳት ጀምሯል።

ዱዓሌ፣ እንዴት ነህ፣ ቲቸር ነጅሙዲን ነኝ፣ በማመልከቻው ላይ አንድ ኢንአኩሬት የሆነ፣ ማለቴ ሚስሊዲንግ ሊባል የሚችል፣ ሁዶ ፊቷን ታጠቁራለች፣ በእኛ ቋንቋ ንገረው፣ እኔም ልስማ፣ ትላለች። ልክ ናት። መሰላሉ የለም፣ መያዣ የለኝም። ሰባት ሰው ነው ያለችኝ፣ እላለሁ። ሁለት መቶውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከበሮውንም። አላነበብኩላትም። እሷ አታውቅም ዱዓሌ፣ በኑ የእኔ ነው።

አለቀ። ጣቷን ብታነሳ መልእክቱ ይሄዳል። አታነሳም። ታየኛለች፣ አይኗ እንባ ሞልቶ አይፈስም፣ ስልኩ በመካከላችን ያዳምጣል።

አባቴን ስንቀብር እኮ ነበርክ፣ ትለኛለች።

ነበርኩ ሁዶ። ሦስት እፍኝ አፈር መቃብሩ ላይ ጨምሬያለሁ፣ ከበሮውን በጻፈው በዚሁ እጄ።