ቀኑ ባዶ የሆነው ገጽ

ሥራዎቼን ኢንተርኔት ላይ በማሳይበት ፖርትፎሊዮዬ ውስጥ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱም የሞተ ሰው ገጽ ነው። ሰውዬው ግን አልሞተም። ወንድሜ ነው።

ከማተሚያ ቤቱ ለቅቄ በግሌ ዲዛይን ልሥራ ስል የማሳየው ነገር አልነበረኝም። እዚያ የሠራሁት ሁሉ የአለቃዬ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ያዘዘኝ አስመስዬ ከራሴ ፈጠርኩ፦ የሌለ ዳቦ ቤት አርማ፣ የማይጋቡ ሰዎች የሠርግ ካርድ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ ሽፋን። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችን ሴትዮ፣ እንዲያዝዟችሁ የምትፈልጉትን አሳዩ ትል ነበር። እኔ የምፈልገው የመታሰቢያ መጽሔት ነው። ሐዘንተኛ ቀለሙን ደመቅ፣ ጽሑፉን ገፋ አድርጊ እያለ የሰው ልብ አያወልቅም።

ለመጽሔቱ ፊት ያስፈልግ ነበር። የማላውቀውን ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አንስቶ መግደል ጣጣ አለው። ፎቅ ላይ ካለው ሥራ ክፍሌ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋራዥ አለው። ጥርሱን ስለማይከድን ሰፈሩ ሁሉ ጥርሶ ይለዋል። ስጠይቀው ከመኪና ሥር ሳይወጣ ፈቀደ። "ከሞትኩ አይቀር ፀጉር ጨምሪልኝ" አለ። ጨመርኩለት።

የልደቱን ቀን ጽፌ የሞቱ ቀን ጋ ስደርስ እናታችን ምሳ ይዛልኝ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እናቴ አትጮህም፤ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀጥናል። ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው ወይ አለችኝ፤ አሁኑኑ አጥፊው አለችኝ። አላጠፋሁትም። ማስታረቂያ አገኘሁ ብዬ ቀኑን ባዶ ተውኩትና "አየሽ፣ አልሞተም" አልኳት። የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ተመልሳ ወጣች።

ገጹ ሠራ። የደወለልኝ ሁሉ እሱን አይቶ ነው የደወለው። እናቴ በተገናኘን ቁጥር አወረድሽው ወይ ትለኛለች፤ እኔ ዛሬ ነገ እላታለሁ። ሥራ የሚያመጣልኝን ብቸኛ ገጽ በምን አንጀቴ ላወርደው?

አንድ ቀን በጠዋት አንድ ባለ ነጭ መኪና መጣ። መኪናውን ለጥርሶ ሲያስረክብ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኔ ወጣ። ንጹሕና ዝግ ያለ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። የወንድሙን መታሰቢያ ማሠራት እንደሚፈልግ ነግሮኝ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጠ። መነጽሩ ያዘመመ ወፍራም ሰውዬ፣ ትከሻው ላይ ሕፃን አስቀምጦ ይስቃል።

"ነፍስ ይማር" አልኩ።

አሜን አላለም። መቼ እንዳረፈ ጠየቅኩት።

"እሱን ቦታ ተዪው" አለ። "እኔ እነግርሻለሁ።"

ታምሞ ነው ወይ ብል ጤነኛ ነው አለኝ፤ ማታ አብረው ራት በልተዋል። የአባታችንን ቤት አልሸጥም ብሎ አስቸገረኝ እንጂ ሌላ ምንም የለበትም አለ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅ ቢጤ ሞከርኩ። እሱ አልሳቀም።

"በሕይወት ላለ ሰው አልሠራም" አልኩት።

"ትሠሪያለሽ እንጂ።" ስልኩን አውጥቶ የጥርሶን ገጽ አሳየኝ። "የብዙ ሰው ሥራ አየሁ። የሁሉም ሟቾች ቀን አላቸው፤ ያንቺ ብቻ ባዶ ነው። ቀድማ የምታዘጋጅ ልጅ አገኘሁ አልኩ። ሰውዬውን ደግሞ ይኸው ዛሬ ማዶ ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት፤ ፀጉሩ ነው ትንሽ ያሳሳተኝ።"

ላስረዳው ተንደረደርኩ፦ ናሙና ነው፣ ወንድሜ ነው፣ ቀኑን የተውኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ብዙ እንደቀባጠርኩ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

"ወንድምሽ ነው?" አለ። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለው መሰለ።

ፎቶውን ይዞ እንዲወጣ ነገርኩት። አልተቆጣም። ፎቶውን ግን እዚያው ትቶት ወረደ። ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ አሰብኩ፤ ሄጄስ ምን ልበል? ሰው መጽሔት አዘዘኝ ልበል? ኮምፒውተሬን ከፍቼ ገጹን አወረድኩት። እናቴ ስትለምነኝ የከረመችው ነገር የአንድ ጣት ሥራ ነበር።

ስልኬ ጮኸ።

"አወረድሽው እንዴ?" አለ ሰውዬው። "ያሳዝናል፤ ቆንጆ ሥራ ነበር። እስቲ በመስኮት እይኝ።"

አየሁት። ነጩ መኪና አንድ የፊት ጎማው ወልቆ በክሪክ ተነሥቷል። ከሥሩ የወንድሜ እግሮች ወጥተዋል፤ አንደኛው እንደ ልማዱ የሆነ ዘፈን ምት ይመታል። ሰውዬው ከአጠገቡ ቆሞ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የክሪኩን እጀታ ይዟል።

"ይሄ ክሪክ አርጅቷል" አለኝ። "አደራ እንዳትጮሂ፤ ይደነግጥና ክሪኩን ይመታዋል።"

ጥርሶ ከሥር ሆኖ ቀልድ ሳይወረውር አልቀረም፤ ሰውዬው ዝቅ ብሎ ሳቀለት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። እጁ ከእጀታው ላይ አልተነሣም።

ጠረጴዛው ላይ ወፍራሙ ሰውዬ መነጽሩ እንዳዘመመ ይስቃል። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩም። ፎቶውን በፊቱ ደፋሁት።

"ለመቼ ይድረስ?" አልኩ።