ለእንግዶች ሲባል

ድንኳን አከራዩ የመጨረሻውን ችካል መትቶ ሲያበቃ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ከጓሮው አጥር ባሻገር ደመናው እንደ ረጠበ ፍራሽ ተዘርግቷል።

«የጸደይ ነገር አይታመንም» አለ። «አሁን ፀሐይ፣ አሁን ዶፍ። ጎንና ጎኑን ልዝጋው?»

«በነፋሱ በኩል ብቻ ይዝጉት» አለች ሙሽሪት። «ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ሰው ይታፈናል። መሬቱ ላይ ደግሞ ጣውላ ይነጠፍ፤ የሴቶቹ ተረከዝ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ።»

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዛሬ ልክ ለመውሰድ የተተከለው ምሰሶና ችካሉ ብቻ ነው፤ የሚደገሰውም እዚሁ፣ የእጮኛዋ እናት ጓሮ ውስጥ ነው። ሙሽሪት ለዓመታት በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ሠርታለችና ሰው ምን እንደሚያስመርረው ታውቃለች። የሚቆረቁር ወንበር፣ የራቀ መጸዳጃ ቤት፣ ጆሮ ሥር የሚያንባርቅ ድምፅ ማጉያ። ለአሮጊቶቹ ከነፋስ የተከለለ ጥግ መርጣለች፤ ጉልበታቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ስስ ብርድ ልብስም አዘጋጅታለች። ሕፃን የያዙ እናቶች ገለል የሚሉበትን ክፍል እንኳ አልረሳችም።

«አንቺ እኮ ለሰው ታስቢያለሽ» አሉ የእጮኛዋ እናት፣ የታጠፈ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው። «ልጄ ታድሏል።» ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትሽንስ የት ልናደርጋቸው ነው?»

«አባዬማ ከእኛ ጎን ነው፤ ከፊት።»

«እሱማ ይገባቸዋል።» ሴትዮዋ በጃንጥላቸው ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር አደረጉት። «ያን ቀን እናንተ ቤት ስንበላ ሳል ያዛቸው አይደል? እንደ እናትሽ ነኝና አልደብቅሽም፤ እህሉ አልወርድልኝ አለ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ የማያውቃቸው ሰው ምን ሊሆን ነው? ሁሉም ሹካውን አስቀምጦ እሳቸውን ሲያይ፣ እሳቸውም መሳቀቃቸው ነው። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ይሞቃል፤ መስኮቱም ወደዚህ ነው። ምግባቸውን ራሴ ነኝ የማደርስላቸው።»

ክፉ ሴት አይደሉም። አባቷ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሾርባ በፔርሙስ ይዘው የሚመላለሱት እሳቸው ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ የኖረውን ያን ሰው ካንሰር ጉሮሮውን ያዘው፤ ሐኪሞቹም እንዲተነፍስ አንገቱን በስተው ቱቦ አስገቡለት። ሲያስለው በአፉ ሳይሆን በዚያ ቀዳዳ ነው። መናገር ሲያምረው የቱቦውን አፍ በጣቱ ይደፍናል፤ ያኔ የሻከረች፣ የተቆራረጠች ድምፅ ትወጣለች።

ሙሽሪት ወደ እጮኛዋ ዞረች። ጥቂት እርምጃ ርቆ የድንኳኑን ገመድ ይዟል። እንደሰማ ከትከሻው ታወቃት። ቀና አላለም፤ የጠበቀውን ቋጠሮ ደግሞ አጠበቀው።

«እሺ፣ ችግር የለም» አለች።

ፈገግ ብላ ነበር ያለችው። ሆቴሉ ውስጥ ክፍሌ ጠበበኝ፣ ፎጣው አነሰኝ ለሚላት ሁሉ ቀኑን ሙሉ የምትመልሳት ቃል ናት፤ እንዲህ በቀላሉ፣ እንዲህ ለስልሳ መውጣቷ አስደነገጣት። ክፍሉን ልየው ብላ ወደ ፎቅ ወጣች። ንጹሕ ክፍል ነው፤ አልጋው ተነጥፏል። በመስኮቱ ቁልቁል ስታይ ከታች የተተከሉት ምሰሶዎች ቁመት መስኮቱ ድረስ ይደርሳል። ሸራው በላያቸው ሲወጠር ከዚህ ምን እንደሚታይ ለመገመት ድንኳን አከራይ መሆን አያስፈልግም። ማንንም ሳትሰናበት በፊት ለፊቱ በር ወጥታ ሄደች። ታክሲ እስክታገኝ ዝናቡ ጀመረ።

ቤት ስትደርስ አብራቸው የምትኖረው አክስቷ እየሳቀች በሩን ከፈተችላት።

«ነይ፣ ነይ ስሚው! ሳምንቱን ሙሉ አናቴን አዞረው። ሠርጉ ላይ ካልተናገርኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።»

አባቷ መስታወቱ ፊት ቆሟል። የሱፍ ሱሪውን ለብሶ ከላይ በካናቴራ ብቻ ነው፤ አንገቱ እንደ ወፍ አንገት ቀጥኗል። ሲያያት ቀጥ አለና ጣቱን ወደ ቱቦው ወሰደ።

«እንግዶቻችን...» አየር ሳበ። «እንኳን ደህና... መጣችሁ።» እንደገና ሳበ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ልጄ... ደስ ብሏታል። እኔም...»

እዚያ ላይ ትንፋሹ አለቀበት። በእጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጥቶ ሳቀ፤ ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ሬዲዮ ጣቢያ... ይቀጥሩኛል?»

አክስቷ አጨበጨበች። ሙሽሪት ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ማሳመር ትችል ነበር፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ አቧራው፣ ሐኪሙ ስላለው ማውራት ትችል ነበር። አላሳመረችውም። ሴትዮዋ ያሉትን እንዳሉት ነገረችው። ፎቅ ላይ ስላለው ክፍልም ነገረችው።

«ምን አልሻቸው?» አለች አክስቷ።

«እሺ አልኩ።»

አክስቷ ወደ ኩሽና ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተላተመ።

አባቷ መስታወቱን ትቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጣቱን አነሳ።

«መስኮቱ... ወዴት ያያል?»

«ወደ ድንኳኑ» አለች። ዓይኑን አየችና መዋሸት አቃታት። «ወደ ጣራው፣ አባዬ። ሌላ ነገር አይታይም።»

ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱ ላይ ያልነበረ ጉድፍ አራገፈ።

«ሰው... ይብላ እንጂ» አለ። «እኔም... መስታወት ፊት... አልበላም።»

ሊያስቃት ነበር። እሷ ግን ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች፤ ሳሉም ያን ጊዜ ጀመረው። ይህኛው ከወትሮው የባሰ ነው፤ ቱቦው ተደፍኗል፤ ደረቱ እየተነሣ አየር አይገባም። ካፖርቷን ወርውራ እጇን ታጠበች። መቆለፊያውን አዙራ በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለውን ስስ ቱቦ ሳብ አድርጋ አወጣችው። የደፈነው አክታ አብሮት ወጣ፤ አየሩም በፉጨት ገባ። በአንድ እጇ አገጩን ደግፋ፣ በሌላው ደም የነካውን አክታ በፋሻ ጠረገች። ይህን በየቀኑ ታደርገዋለች።

«ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ነበር...»

እጮኛዋ ደፍ ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ከግንባሩ ተጣብቆ ውኃ ያንጠባጥባል፤ እየሮጠ ነው የመጣው። ዓይኑ አማቱ አንገት ላይ፣ በየትንፋሹ በሚያፏጨው ክፍት የቱቦ አፍ ላይ አርፎ ቀረ። እስከ ዛሬ በመሐረብ ተሸፍኖ እንጂ እንዲህ አይቶት አያውቅም። አባቷ በደመ ነፍስ እጁን ወደ አንገቱ ላከ፤ ልጁ ያዘችው።

«ተወው አባዬ፣ ይተንፍስ።»

«ሳትነግሪኝ ስትሄጂ...» አለ እጮኛዋ። «እማዬ እንዲህ ትላለች ብዬ... እኔ...»

«አንዱ እዚህ ደግፎ መያዝ አለበት» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ አልነበረችም። «ቱቦውን እስካጥበው። እጅህን በሳሙና ታጠብና ና። ቧንቧው ከውጪው በር በስተግራ ነው።»

የእጮኛዋ የረጠበ ጫማ ወለሉ ላይ ሲዞር ተሰማት። የውጪው በርና ቧንቧው በአንድ አቅጣጫ ናቸው። እሷ ዞር ብላ አላየችም፤ የአባቷን አገጭ ቀና አድርጋ እንደያዘች፣ ከእሱ ትንፋሽ በላይ የሚሰማው የቧንቧው ውኃ ይሁን የበሩ መዘጋት ለመለየት ጆሮዋን ሰጠች።