የማትጎተተዋ መስኮት

ፋብሪካው ከእኛ ከሶፍትዌር ሠሪዎቹ የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» እያለች ብቅ የምትለዋ ትንሽ መስኮት፣ ርዕሷ የሚጻፍበት አናቷ እንደ ድርጅቱ አርማ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ በቃ። ችግሩ፣ የምንሠራበት መሣሪያ የመስኮት ሆድ እንጂ አናት አያስነካም። እኔም አናቷን ቆርጬ ጣልኩና በራሴ እጅ ሌላ ሣልኩላት። አማረች።

የሥራ ዝርዝሩ አርባ ሁለት ገጽ ነው። የቀለሙ ቁጥር፣ የፊደሉ መጠን፣ ከመዝጊያዋ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ሳይቀር ሰፍሯል። ሰባት ሰው ማኅተም መታበት። እኔ የሁሉም ታናሽ ስለሆንኩ እንደ ደንቡ ማኅተሜን ወደ አለቆቼ ማኅተም ዘንበል አድርጌ መታሁ፣ እጅ የሚነሳ እንዲመስል። «መስኮቷ ስትጎተት ትንቀሳቀስ» የሚል ግን የትም የለም። የቆረጥኩት አናት ያንን ሳይጠየቅ ይሠራ ነበር፤ የእኔው ቀለም ብቻ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ያልተጻፈ አይሠራም።

ሥራውን ካስረከብን በስምንተኛው ወር፣ እኔና አለቃዬ ኩራሞቺ፣ ኦዳዋራ ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ተጠራን። ዓሣ ፈጭተው፣ በእንፋሎት አብስለው ካማቦኮ የሚሉትን ምግብ ይሠራሉ። የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ታራሳዋ በአክብሮት ተቀበለን።

«ሲስተማችሁ አንደኛ ነው» አለን። «የቸገረን ሰው ነው። ሌላው በአንድ ደቂቃ የሚመዘግበውን ጭነት ወይዘሮ ኔዙ አራት ደቂቃ ይፈጁበታል። ዛሬ ከሁለት ደቂቃ ካልወረዱ ውላቸው አይታደስም። ማሽኑ እንከን እንደሌለው እናንተ ትመሰክራላችሁ።»

ወይዘሮ ኔዙ እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡንና ጀመሩ። ትንሿ መስኮት ብቅ አለችና ማረጋገጥ ያለባቸው የጭነት ቁጥር ላይ ጉብ አለች። ሰማያዊውን ይዘው ጎተቱ። ንቅንቅ የለም። «ይቅርታ» አሏት፤ መስኮቷን ነው። እንደገና ጎተቱ። በመጨረሻ ዘጓት፤ የጻፉት ሁሉ ጠፋ፤ ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ ጽፈው ከሀ ጀመሩ። ወጣቶቹ ለምን እንደሚፈጥኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥሩን ሳያዩ «አዎ» ይላሉ።

«ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ!» አለ ታራሳዋ። «ኧረ እናቴ፣ ጀልባ መሰለዎት እንዴ የሚጎትቱት?»

«እጄ ነው» አሉ። «ድሮ እሺ ይለኝ ነበር፤ አሁን ደከመ መሰለኝ። በየሳምንቱ መርፌ እየተወጋሁ ነው። ትንሽ ጊዜ ብትሰጡኝ...»

የኩራሞቺ ጫማ ጠረጴዛው ሥር የእኔን ረገጠ። ደንበኛ ፊት ጥፋት አይታመንም፤ መጀመሪያ ቢሮ ገብተን እንመክራለን። ይህን ደንብ ጥሼ አላውቅም። እኚህ ሴትዮ ግን ጤነኛ እጃቸውን በእኔ ምክንያት መርፌ ሲያስወጉ ከርመዋል። አፈርኩ።

«እጅዎ ምንም አልሆነም» አልኩ። «መስኮቷ አትጎተትም። አናቷን ስቀይር መጎተቻውን ረስቼው ነው።»

«አኩታ!» ብሎ በስሜ ገሠጸኝ ኩራሞቺ፤ ወዲያው ወደ ታራሳዋ ዞሮ እጅ ነሳ። «ቢሮ ገብተን እናጣራለን ማለቱ ነው።»

«አጣርቻለሁ» አልኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ። አሥራ አንድ መስመር ነው የጨመርኩት። ሻይ ቢያቀርቡልን ኖሮ ሳይበርድ እጨርስ ነበር።

ወይዘሮ ኔዙ ጎተቱ፤ መስኮቷ ሸርተት አለች። ቁጥሩን አይተው «አዎ»ን ተጫኑ። አንድ ደቂቃ ከአሥር። ታራሳዋ የያዘውን የስንብት ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲህ ይቆያሉ» አለ።

እሳቸው አልሰሙትም። መስኮቷን ወደ ግራ ጎተቱ፤ ወደ ቀኝ ጎተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ረስተህ ነው፣ ልጄ?»

የኩራሞቺ ጫማ እንደገና እግሬን ረገጠ።

«አልረሳሁም» አልኩ። «አልተጻፈም ብዬ ነው የተውኩት።»

ኩራሞቺ ለይቅርታ እጅ ነሳ፤ ታራሳዋም አጸፋውን እጅ ነሳ፤ እኔም እስከ ወገቤ ጎነበስኩ። ቀና ስል ወይዘሮ ኔዙ አጸፋ ሳይሰጡ፣ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ እያዩኝ ነበር።