ቀድሞ የተሰቀለ ባነር

ክሪሰልዳ ወደፊት ምን እንደምትሆን ያወቀችው ሰኞ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የተሳፈረችበት ባለጎን ወንበር ሞተር፣ ትራይስክሉ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው። ዶክተር ልትሆን ነው። ከመብራት ምሰሶው እስከ ኮኮናት ዛፉ በተወጠረ ባነር ላይ ፊቷ ተንጠልጥሏል። ከጎኗ የቀበሌው ሊቀመንበር የኤውላሊዮ ፊት ከእሷው በሦስት እጥፍ ገዝፎ፣ ጥርሱ አንድ ሳይቀር እየታየ ይስቃል። «እንኳን ደስ አለን! የወደፊቷ ዶክተራችን ክሪሰልዳ!» ይላል ጽሑፉ። ደስ ያለው ማን እንደሆነ ማንም እንዳይሳሳት ደግሞ የሊቀመንበሩ ስም ከሥር በቀይ ተደግሟል።

ፎቶው ከአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ የተቆረጠ ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል። ቢጫ ቀሚሷን አውልቀው በኮምፒውተር ነጭ ጋዋን አልብሰዋታል፤ አንገቷ ላይ የልብ ማዳመጫ አጥልቀውላታል። የማዳመጫው ጫፍ ወደ ጎን ስለዞረ የሊቀመንበሩን ጉንጭ የምትመረምር ትመስላለች።

«ዶክ!» አለ ሾፌሩ ዶዶንግ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ጎን ወንበሩ ዘንበል ብሎ። «በሽተኛሽ እንዴት ነው? ይተርፋል?»

«ይተርፋል» አለች።

የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። የደነዘዘ እግር ሊነቃ ሲል የሚመጣውን ውርርታ እንደሚጠብቁት ዓይነት ነው የጠበቀችው። ትራይስክሉ ቤቷ ደጃፍ ድረስ ደረሰ፤ ምንም አልመጣም።

አስቸጋሪው ነገር ክሪሰልዳ ገና ምንም አለመምረጧ ነው። አሥረኛ ክፍልን የሚጨርስ ተማሪ ለቀሩት ሁለት ዓመታት የሚማረውን ዘርፍ የሚመርጠው አርብ ነው። ሳይንስ አለ፤ ንግድ አለ፤ ማኅበራዊ ትምህርት አለ፤ ከመጸዳጃ ቤቶቹ ጀርባ ደግሞ የዓሣ እርባታ አለ። ሳይንስ የሚገቡት ዶክተርና መርከበኛ የሚሆኑት ናቸው፣ ወይም እንደዚያ የተባሉት። ዓሣ የሚገቡት ወላጆቻቸው ተስፋ ቆርጠው የተገላገሏቸው ልጆች ናቸው። ክሪሰልዳ የምትፈልገው ዓሣውን ነበር።

ለምን ብትባል ረጅም መልስ የላትም። ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ የዓሣ ኩሬ ዳር ትቀመጣለች። የዓሣ እርባታ መምህሩ ቲቸር ጋውደንስዮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በመዳፍ ላይ ገልብጦ ወንዱን ከሴቷ መለየት አሳይቷታል፤ አሁን ከእሱ ቀድማ ትለያለች። ደግሞም በዚያ አካባቢ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ዓሣዎቹ ራሳቸው ሲያድጉ ምሳ ይሆናሉ፤ ለዚህም የሰቀለላቸው ባነር የለም።

አባቷ ሩፊኖ አስፋልቱ ዳር የተሰጣውን ሩዝ በእንጨት መንሽ እያገላበጠ ነበር። ሩዙ የተሰጣው በእህቷ ላይ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ጆቬሊን የነርስነት ፈተናውን ስታልፍ ለእሷም ባነር ተሰቅሎላት ነበር፤ በአገሩ ልማድ ባነር አርጅቶ ሲወርድ ስጥ ይሰጣበታል፣ ሲቀደድ የአሳማ ቤት ይሸፈንበታል። ጆቬሊን ገና አልተቀደደችም። ፀሐዩ አፍንጫዋን በልቶት ፈገግታዋ ብቻ ከሩዙ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ደመወዝ «ልምድ እንድትቀስም» ካደረጓት በኋላ ከተማ ኮል ሴንተር ገብታ፣ ሌሊቱን ሙሉ የአሜሪካኖችን የኢንሹራንስ ብሶት በስልክ ትሰማለች።

«አየሽው?» አለ ሩፊኖ።

«አየሁት ታታይ።»

«እ? ታዲያስ?»

«ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ብቻ? አዲሱ ማሽን ነው የሠራው! ዝናብ አያስለቅቀውም ብለዋል። የእህትሽ ያኔ ስስ ነበር።»

«ገና እኮ ዘርፍ አልመረጥኩም። አርብ ነው።»

«አርብ ትመርጫለሻ፤ ሳይንስ። ማን ያዘሽ?»

«ባነር የሚሰቀለው ፈተናው ሲታለፍ ነው እኮ፣ ታታይ።»

«ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ላይኖር ይችላል። ምርጫው በሚቀጥለው ወር ነው። አሁን ነው ለሰው ሁሉ የሚሰቅለው።» መንሹን አቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው በተሰበሰበበት ‘ሩፊኖ፣ ያንተዋ ምን ልትሆን ነው?’ አለኝ። ምን ልበል? ዓሣ?»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የቆምኩት አንቺ ሌላ ጭቃ እንድትመርጪ ነው?»

እናቷ ከመስኮቱ ብቅ አሉ። «ዶክተሯ ትግባና ዓሣውን ትፋቅልኝ፤ የራት ሰዓት ሊደርስ ነው።»

ገባችና ፋቀች። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ታያለች። አሁንም ምንም የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው ማናንግ ፓሲታ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። ሌሊቱን ስትወጋኝ አደረች።»

«ማናንግ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ በእጄ አይደል ያደግሽው። እይልኝ ብቻ።»

ክሪሰልዳ አየች። ጉልበት ነው። «ሞቅ ባለ ውሃ ይያዙት» አለች፤ ቢያንስ አይጎዳም ብላ። በማግስቱ ማናንግ ፓሲታ በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው መጡ፤ የባላቸውን እህት ይዘው፣ የባላቸው እህት ደግሞ እንቁላል መጣል ያቆመች ዳክዬ ይዛ። ክሪሰልዳ ለዳክዬዋም ሞቅ ያለ ውሃ አዘዘች። እስከ ማታ ድረስ መንደሩ ውስጥ «ክሪሰልዳ» የሚላት ጠፋ።

ሐሙስ ቀትር ላይ እህቷ ደወለች። ከሥራ ወጥታ ከመተኛቷ በፊት የምትደውልበት ሰዓት ነው፤ ከኋላዋ የአሮጌ ማራገቢያ ድምፅ ይሰማል።

«ሰማሁ፤ ተሰቀልሽ አሉ» አለች ጆቬሊን።

«ማናንግ፣ ያንቺ ሲሰቀል ምን ተሰማሽ?» አለች ክሪሰልዳ፤ በአገሩ ታላቅ እህትም የጎረቤት ሴትም ‘ማናንግ’ ናቸው።

ጆቬሊን ትንሽ አሰበች። «ጥርሴን አሞኝ ነበር። ግራ ጉንጬ አብጦ። እሱን ነው የማስታውሰው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ እንኳ... አሁንስ ሩዝ ተሰጥቶብኛል?»

«ትናንት ዝናብ ሲመጣ ጠቀለሉሽ።»

«ደግ አደረጉ።» አዛጋች። «ስሚ፣ ዓሣውን ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ደርቀሽ ነው ‘አዎ’ የምትይው? እንደ ስልክ ደንበኞቼ ሆንሽ እኮ።»

«እፈልገዋለሁ። ሳይንስ ከገባሁ እንዳንቺ...» አልጨረሰችውም።

«ጨርሺው፤ አልቀየምም። እንዳንቺ ሩዝ ይሰጣብኛል ልትይ ነው። እንግዲያው ታታይን አትጨቅጭቂው። ታታይን የያዘው ዓሣው መሰለሽ? ሰው ፊት ማፈሩ ነው። ሊቀመንበሩ ጋ ሂጂ። ያ ሰውዬ ዶክተር ሁኚ፣ ዳክዬ ሁኚ ግድ የለውም። የራሱ ፊት እንዳይወርድ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ሊቀመንበር ኤውላሊዮን የዚያኑ ቀን ከሰዓት ያገኘችው በቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣሪያ ሥር ነው። ከጣሪያው እስከ ቆሻሻ መጣያው ስሙ ያልተጻፈበት ነገር የለም። ለምርጫ ፎቶ ሚስቱ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም እየቀባችው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ተቀምጧል። የመንደሩ ግማሽ ልጅ የክርስትና አባት ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ስም ነው የሚጠራው።

«የክርስትና ልጄ! ዶክተራችን! ነይ፣ ነይ። ዳክዬ አዳንሽ አሉኝ?»

«ሊቀመንበር፣ እኔ ዓሣ ነው የምማረው።»

«ምን ዓሣ?»

«ቆሮሶ።»

ሚስቱ ብሩሹን አቆመች። ሊቀመንበሩ ራሱን እንዳያዞር ስለተነገረው ዓይኑን ብቻ አዞረ።

«ባነሩስ?»

«‘ዶክተር’ የሚለው ቢቀየር ብዬ ነው።»

«ፊቴስ?»

«ፊትዎ ይቆይ።»

ትከሻው ወዲያው ረገበ። «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? እኔ ደግሞ ምን ልትይ ነው ብዬ! ዓሣ እኮ ትልቅ ነገር ነው።» የሆነ ሐሳብ ሲመጣለት ይታያል፤ ቀለሙ በጆሮው ላይ ይወርዳል። «አንቺ፣ እዚህ ቀበሌ ስንት ዓሣ አጥማጅ ይኖራል?»

«ከነሚስቱ ከነአማቱ ነው የምትለኝ?» አለች ሚስቱ።

«ከነመራጩ።»

«ኧረ ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው!» ስልኩን ከፎጣው ሥር አወጣ። «ሩፊኖ! ልጅህ ጭንቅላት አላት! ዶክተር እኮ ሁሉም ዶክተር ነው፤ መጪው ጊዜ የዓሣ ነው! ምን አልክ?»

ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ክሪሰልዳም ሰማች። አባቷ «እኔም ዘወትር የምላት እሱን ነው፣ ሊቀመንበር» አለ።

ማታ ራት ላይ ሩፊኖ ዓሣው ገና ሳይቀርብ ስለ ዓሣ ብዙ ተናገረ። ጭቃ ራሱ ሀብት መሆኑን አብራራ። እናቷ ሩዝ እየጨመሩ «ሰኞ ሌላ ነበርክ» ቢሉት፣ «ሰኞ ሊቀመንበሩ አልደወለም» አላቸው። ክሪሰልዳ ማሸነፏን ተረዳች። ሰው ሲያሸንፍ ምን እንደሚያደርግ አሰበችና ሆምጣጤውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

አርብ ፎርሙን ሞላች። ቲቸር ጋውደንስዮ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ። ሊቀመንበሩ ፎቶ አንሺ ይዤ እመጣለሁ ብሎኛል። አጥሩም ላይ የሚሰቀል ባነር ይዞ ነው የሚመጣው መሰለኝ።»

መጣም። ጥቁር ፀጉር፣ አዲስ ቡት፣ ከነሠራዊቱ። ክሪሰልዳ አንድ ትልቅ ቆሮሶ አቀበለችው፤ ዓሣው ሁለት ጊዜ አመለጠው፣ በሦስተኛው ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ፎቶ ተነሱ። ስትስቂ ጥሩ ነው አላት ፎቶ አንሺው፤ ሳቀች። የኩሬው አጥር በሊቀመንበሩ ፊት ተሸፈነ። ከዚያ ቀን በኋላ ወላጆችም፣ የጎረቤት ትምህርት ቤት ሰዎችም ኩሬውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ኩሬውን አይተው ሲጨርሱ ወደ ክሪሰልዳ ዞር ይሉና «ታዲያ ስትጨርሺ ምን ልትሆኚ ነው?» ይላሉ። ዓሣዎቹ ግን ባነሩ የጣለውን ጥላ ወደውታል፤ ቀትር ላይ በሊቀመንበሩ አገጭ ሥር ነው የሚሰበሰቡት።

የመስቀለኛው ባነርም ተስተካከለ። «ዶክተራችን» በሚለው ላይ «የዓሣ ባለሙያችን» የሚል ጠባብ ስቲከር ለጠፉበት። ጋዋኑን ግን አልነኩትም። ጋዋን ለመቀየር እንደገና ሙሉውን ማተም ነው ብሏል ማተሚያ ቤቱ፤ የሊቀመንበሩን ፊት ዳግም ለማተም ደግሞ ከምርጫ በኋላ ማንም አልቸኮለም። አሸንፏል።

ዝናቡ ሲገባ ባነሩ እንደተባለው አልለቀቀም። ስቲከሩ ለቀቀ። መጀመሪያ ጫፉ ተነሳ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦይ ውስጥ ተገኘ።

የዚያን ቀን ክሪሰልዳ ከኩሬው እንደወጣች መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፤ ክንዷ ላይ ቅርፊት ደርቋል። የዶዶንግ ትራይስክል መጥቶ ቆመ።

«ዶክ! ግቢ፣ ሰው ይጠጋልሻል።»

ቀና ብላ ባነሩን አየች፤ «የወደፊቷ ዶክተራችን» ይላል፣ ታጥቦ ከቀድሞው ይልቅ ይነበባል። ገባች። ጎን ወንበሩ ላይ ማናንግ ፓሲታ ከነዘንቢላቸው ተቀምጠዋል፤ ተጠጉላትና ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

«ይኸው ደግሞ ተነሳብኝ። እስቲ ንኪው፣ አይሞቅም?»

ክሪሰልዳ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን እጇን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች። ይሙቅ ይቀዝቅዝ መለየት አልቻለችም። ዶዶንግ ማርሹን አስገባ፤ ከሊቀመንበሩ ፊት ሥር አለፉ።

«ሞቅ ባለ ውሃ ይያዙት» አለች።