ሦስት የተጫሩ ጥይቶች

"ውጪውን ተወው፤ ውጪውንማ ማንም ያሳምረዋል" አለ ሚዛኑ። የሽጉጡን የላይኛውን ብረት አውልቆ ውስጡን ወደ መስኮቱ አዞረው። "እዚህ ጋ ጣትህን አስገባ። ምን ተሰማህ?"

ደንበኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጣቱን አስገብቶ ዳበሰ። "ሻካራ ነው።"

"አየህ! መቁረጫው የተወውን ሳያለሰልሱ ነው ቀለም የቀቡበት። ይሄ ኮፒ ነው፤ ያውም የቸኮለ ሰው ኮፒ። ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ከሆነ ግዛው። ልትተማመንበት ከሆነ ግን ወደ መጣበት ይመለስ።"

"ኦሪጅናሉን የምገዛበት አቅም የለኝማ!"

"ኦሪጅናል ግዛ መች ወጣኝ? ጨዋ ኮፒም እኮ አለ።"

ሚዛኑ የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው። አንድ ዝነኛ የድሮ ሽጉጥ አለ፤ ዛሬ በየፋብሪካው መልኩ እየተገለበጠ በሲሶ ዋጋ ይሸጣል። አንዳንዱ ኮፒ ከኦሪጅናሉ አይተናነስም፤ አንዳንዱን ደግሞ ብረት ብሎ መጥራትም ያሳፍራል። ከውጪ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። የሚለያቸው እንግዲህ እንደ ሚዛኑ ያለ፣ ከጦር መሣሪያ መሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሞርሳና ከሞረድ ጋር የኖረ ሰው ነው። "ይሆናል" ካለ ይገዛል፤ "አይሆንም" ካለ ይመለሳል። ባለሱቁ እንኳ አዲስ ዕቃ ከማዘዙ በፊት እሱን ሳይጠይቅ አይፈርምም። ትንሽ ጉራ ነበረችበት፤ አይፈረድበትም።

ነበረችበት ያልኩት ከአንድ ወር ተኩል ወዲህ ስለጠፋች ነው። ሥራውን ይሠራል፣ እንደ ድሮው ይቀልዳልም። ግን ሰው ሲስቅለት እሱ አይስቅም።

"እህትህ መጥታለች" አለ ባለሱቁ አንገቱን በበሩ አስግጎ። ሾፌሩ ጥቁር የለበሰችውን ሴት ሲያይ ሽጉጡን ሰብስቦ፣ "እግዜር ያጽናሽ እናቴ" ብሏት ወጣ።

ከሚዛኑ በስምንት ዓመት ታንሳለች። አሁን ላያት ሰው ግን ታላቁ ነው የምትመስለው። በእጇ የያዘችውን ላስቲክ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ወደ እሱ ገፋችው።

"ፖሊሶቹ ምርመራ ጨርሰናል ብለው ዛሬ ሰጡኝ። ከነጥይቱ። እየው እስቲ ወንድም ጋሼ፤ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም።"

ሚዛኑ አልነካውም። ሳይከፍተውም ያውቀዋል። ለእህቱ ልጅ ከአሥራ አንድ ሽጉጥ መሃል መርጦ፣ "ይሄ ይሆናል" ያለው እሱ ራሱ ነው።

"ምን እንድልሽ ነው?"

"እውነቱን።" ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። "የጥበቃ ድርጅቱ የጻፈልኝን ስማ። 'ሟች ዘራፊዎች ወደ መጋዘኑ በመጡ ጊዜ የታጠቀውን መሣሪያ ሳይጠቀም፣ በድንጋጤ ጥይቱን መሬት ላይ አራግፎ ተገኝቷል።' አራግፎ! እንደ ቆሎ!"

"ተያቸው እቱ።"

"እንዴት ነው የምተዋቸው? ባልደረቦቹ ሊያስተዛዝኑኝ መጥተው ደጅ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰምቻቸዋለሁ። ደንዝዞ ቀረ፣ ቢተኩስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ይላሉ። መሞቱንስ ሞተብኝ፤ ፈሪ ነበር እያሉ እንደገና ለምን ይገድሉብኛል?" አፏን በመሐረቧ ጠረገች። "ካሳቸውን ይብሉት። ልጄ ፈርቶ ከሆነ ፈርቶ ነው በለኝ፤ እችለዋለሁ። ካልፈራ ግን ጽፈህ ስጠኝ። ፊታቸው ላይ ነው የማነበው።"

"እሺ። ሻይ ነገር ጠጥተሽ ጠብቂኝ።"

ባለሱቁ ወንበር ሰጥቶ ከፊት ለፊት ሱቁ አስቀመጣት። ሚዛኑ በሩን ገርበብ አደረገና ላስቲኩን ፈታ።

ሽጉጡን በእጁ መዘነው። አቀባበለ፤ የላይኛው ብረት ሳይንቀጫቀጭ ሄዶ ተመለሰ። ቃታውን ሳበ፤ ጥርት ያለ ነው። ፈታታው፤ ውስጡ ለስላሳ፣ የሚመልሰው ሞላ ጠንካራ። እውነትም ጨዋ ኮፒ ነበር። "አልተሳሳትኩም" አለ በሆዱ፣ ደረቱም ቀለል አለው። ወዲያው በራሱ አፈረ። ልጅ ተቀብሮ የሱ ሐሳብ ይሄ ነው?

ጥይቶቹ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ላዩ ላይ "ከሟች እግር ሥር የተነሱ፣ ያልተተኮሱ፣ ሦስት" ይላል። አንዱን አንስቶ በማጉያ መነጽሩ አየው። አፍንጫው ላይ በአንድ ጎን ጥልቅ ጭረት አለ። ሁለተኛውም እዚያው ቦታ ላይ ተጭሯል። ሦስተኛው ከመጫሩም በላይ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ገብቷል። መሬት ላይ የተራገፈ ጥይት እንዲህ አይጫርም። እነዚህ ነክሰው የወጡ ናቸው። በሙያው ነከሰ የሚሉት፣ ጥይቱ ወደ በርሜሉ ሲገባ አጋድሎ መንገድ ላይ ሲቀር ነው።

ካዝናውን፣ ያንን ጥይት የሚደረደርበትን የቆርቆሮ ሳጥን አነሳ። ጥይቱን ከላይ ይዘው የሚያስቀሩትን ሁለት ከንፈሮች በካሊፐር ለካ። አንደኛው ከሌላው ሰፍቷል፤ በዓይን የማይታይ፣ በጣት ግን የሚታወቅ ስፋት ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ነው። የልምምድ ጥይት ሞልቶ ሽጉጡ ውስጥ ከተተውና አቀባበለ። ነከሰ። አውጥቶ ደገመ። ነከሰ። ከመሳቢያው የራሱን የድሮ ካዝና አውጥቶ ቀየረ፤ ጥይቱ ልስልስ ብሎ ገባ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

ልጁ ያን ጊዜ አዲስ ሥራ ሊጀምር ነበር። ድርጅቱ የሚቀጥረው የራሱን መሣሪያ ይዞ የመጣን ነው። "ትንሽ ልታገሥና ኦሪጅናሉን ልግዛ" ብሎ ነበር ልጁ፤ እናቱም "የጆሮዬን ወርቅ እሸጥለታለሁ" ብላ ነበር። "ለስም እኮ ነው የምትከፍሉት!" ብሎ የሳቀባቸው ሚዛኑ ነው። ከዚያ እሱና ልጁ ተያይዘው ወደ መተኮሻው ሜዳ ሄዱ። ሚዛኑ ሃምሳ ጥይት ተኩሶ አንድም አልነከሰበትም። ግን የተኮሰው በራሱ ካዝና ነው። የኮፒው ካዝና የፋብሪካ ግራሶ እንደተለቀለቀ ነበር።

"ካዝናውንስ አንሞክረውም አጎቴ?" አለው ልጁ።

"ካዝና ካዝና ነው። ቆርቆሮና ሞላ!"

እንዲህ ነበር ያለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ "ከሽጉጥ መጀመሪያ የሚከዳው ካዝናው ነው" ሲል የኖረ ሰው!

ባለሱቁ ሊያየው ገባ። ጠረጴዛውን አየ፣ የሚዛኑን ፊት አየ፤ ሥራውን ያውቃልና ብዙ አልጠየቀም። በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ካዝናው ነው?"

"ካዝናው ነው።"

"አልሞከርከውም ነበር?"

ሚዛኑ አልሞከርኩም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ባለሱቁ ጠጋ አለው።

"ስማኝ ሚዛኑ። ጥይቱ ነው በላት። የጥይቱ ሥሪት ጠማማ ነበርና ነከሰበት በል፣ ጻፍላት። የልጁ ስም ይነጻል፣ አበቃ።"

"እኔስ?"

"አንተም ወንድሟ ሆነህ ትቀራለህ። ካንተ ሌላ ማን አላት? ባሏን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ጥሏት ከሄደ ስንት ዘመኑ! ልጇን ቀበረች፤ ዛሬ ደግሞ አንተን ልታሳጣት ነው? እውነት እውነት እያልክ ያላትን አንድ ሰው አትንጠቃት። በሞቴ።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለሁለቱም አዝኖ ነው። ነገሩም ሚዛኑ ልብ ውስጥ ገባ። ባለሱቁ ሲወጣ የሱቁን ደብተር ሳበና ጻፈ። "ሦስቱም ጥይቶች የነከሱት በጥይቱ የጥራት ጉድለት ምክንያት..." እዚህ ላይ ቆመ። ማንም አይመረምረውም። እሱ ከጻፈ ጻፈ ነው።

ጥይቶቹን እንደገና አሰለፋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድርጅቱ ዘበኞቹ ጥይት አጉርሰው እንዲቆሙ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ልጁ ሰዎቹ ሲመጡበት አቀባበለ። ነከሰ። "ከነከሰብህ አትደንግጥ። ሳብ፣ አውጣ፣ ድገም" ብሎ ያስተማረው ሚዛኑ ነው። ሳበ፣ አወጣ፣ ደገመ። ነከሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ይሮጥ ነበር፤ ቢሮጥ ደግሞ ይተርፍ ነበር፤ የመጋዘኑ የኋላ በር ክፍት ነበር ብለዋል ፖሊሶቹ። ልጁ ግን አልሮጠም። ሁለተኛውንም አወጣና ሦስተኛ ጊዜ ደገመ። ነከሰ፤ ያንንም አወጣ። አጎቱ ይሆናል ብሎታላ!

ሚዛኑ አለቀሰ። እንደ ሕፃን፣ ድምፁ ሱቁ ድረስ እንዳይሰማ የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን ነክሶ አለቀሰ። ከዚያ የጻፈውን ገጽ ገንጥሎ ቀደደና በሩን ከፈተው።

"ነይ እቱ። ግቢ።"

ገብታ ቆመች። ዓይኑን ስታየው የራሷ ዓይን ሞላ። "ምነው? ፈርቶ ነው?"

"አልፈራም።" ጥይቶቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። "ይሄን ጭረት በጣትሽ ንኪው። አላራገፋቸውም። ሊተኩስ ሲል ነከሰበት፤ አወጣው። እንደገና ሞከረ፤ ነከሰበት። ሦስት ጊዜ። ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"የኔ ጀግና!" አለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ነው ከአንጀቷ የወጣው። ጥይቶቹን ጨብጣ ጡጫዋን ደረቷ ላይ አሳረፈች። "እኔን ይድፋኝ! አላልኩም? አላልኩም ወንድም ጋሼ? ልጄን አላውቀውም ወይ!" ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ከደረቷ አወረደች። "ቆይ ግን፤ ለምን ነከሰበት? አንተ ሞክረኸው የለ?"

አሁንም መንገድ ነበረው። ጥይቱ ነው ቢላት ታምነዋለች። አንገቱን ታቅፋ አልቅሳ ትሄዳለች፤ እሑድም እንደ ወትሮው ምሳ ትጠብቀዋለች።

"ሽጉጡን ሞክሬዋለሁ" አለ። "ካዝናውን ግን አልሞከርኩትም። በራሴ ካዝና ነው የተኮስኩት። ጥፋቱ ካዝናው ላይ ነበር። ያን ቀን አንድ ጥይት ብቻ ቢተኮስበት አውቀው ነበር።"

ውጪ የሱቁ ስልክ ጮኸና ቆመ።

"ለምን?" አለች በመጨረሻ።

"ግራሶ ነበረው።"

"ግራሶ ቢኖረውስ?"

"ያን ቀን ለእራት ጠርታችሁኝ ነበር። ሥራ ስላገኘ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር... እንዳይቆሽሽብኝ ነው።"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ሊሰደብም ፈልጎ ነበር። ግን አፏን መልሳ ገጠመች። አልተቀመጠችም፣ ግድግዳም አልደገፈችም። በግራ እጇ መሐረቧን አጥፋ አጥፋ አሳነሰችው።

"ጻፈው" አለች።

ጻፈ። ስሙን፣ ሙያውን፣ ሦስቱን ጥይቶች፣ የካዝናውን ልክ ጽፎ ፈረመና ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"እኔ አላነበውም። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ድርጅቱ በር ላይ ጠብቀኝ። አንተ ነህ የምታነብላቸው፤ ባልደረቦቹ ሁሉ ባሉበት። ልጄ ያደረገውንም፣ አንተ ያላደረግኸውንም።"

"እሺ።"

"ከዚያ በኋላ ቤቴ አትምጣ።"

ሊለምናት ነበር። እናታቸው ስትሞት ይህችን እህቱን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ልጇንም ትምህርት ቤት እጁን ይዞ ያስገባው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሊነግራት ፈለገና ምን መብት አለኝ አለ።

"እሺ" አላት።

ሦስቱን ጥይቶች እንደጨበጠች ወጣች። ባለሱቁ በሩን ሲከፍትላት አላመሰገነችውም።

ሚዛኑ ተመልሶ ተቀመጠ። የጻፈውን ሲያነበው የካዝናው ነገር አለ፤ ለምን እንዳልሞከረው ግን የለም። ደብተሩን ሳበና አዲስ ገጽ አወጣ። ነገ ዓይኑ እንባ ቢሞላ እንኳ እንዲነበብለት ፊደሉን አተልቆ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ገለበጠው። የሸሚዙንም ነገር ጨመረበት።