ሰው የማይኖርበት መንደር ኢሜይል

ቬልማ እጇን በሹራቧ ጠረገችና ቁልፉን ተጫነች። ሰርቨሩ ቀጥ አለ፤ ወዲያው ተመልሶ ተነሣ። የሆነ ነገር ይበላሻል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ምንም አልተበላሸም።

"አየሽ ልጄ? ጣሪያው አልተደረመሰም" አሉ ሊያንደር፣ ከኋላዋ ቆመው ሻያቸውን እያማሰሉ።

"ይቆዩ እንጂ አጎቴ ሊያንደር፤ ገና አሁን መነሣቱ ነው።"

ሊያንደር ዘመዷ አይደሉም። በወደብ መንደራቸው በሩክስ ሃርበር የሸመገለ ሰው ሁሉ አጎቴ ይባላል። የወደቡን የኢንተርኔት ማኅበር ኢሜይል ከተጀመረ ጀምሮ የያዙት እሳቸው ናቸው። በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለው መንደር ሁሉ የየራሱ ዶሜይን፣ በኢሜይል አድራሻው መጨረሻ የሚጻፍ የራሱ ስም፣ አለው። መንደሮቹንም ሰዎቹንም በተራ ፋይል ላይ በእጃቸው እየጻፉ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ለልባቸው ሆስፒታል ሲተኙ ግን ፋይሉን ሊነካ የደፈረ ሰው ጠፋ፤ አዲስ አባል ሁሉ ያለ ኢሜይል ከረመ። ማኅበሩ በዚህ ምክንያት ሥራው ወደ ዳታቤዝ እንዲዛወር ወሰነ። ሥራው የተሰጠው ቢሮ ውስጥ ስልክ ለምታነሣው ለቬልማ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ የቆመች ሴት ናት፤ መመሪያውን ግን ሌላ ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነብ አድርጋ ነበር ያነበበችው።

ነገሩ ቀላል መሆኑ እስካሁን ይገርማታል። መልእክት በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ ይህ መንደር የእኛ ነው? ነው ከተባለ ደግሞ፣ ይህ ሰው እኛ ዘንድ አለ? መልሱ ሁለት ሠንጠረዥ ላይ ተጽፏል። መንደሮቹን ከአባላት መዝገብ፣ አባላቱ ከሚኖሩበት ቦታ ወስዳ ራሷ ሞላች። ለአንዱ የተጻፈ ለሌላውም እንዲደርስ የሚያደርገው የግልባጭ ሠንጠረዥ ብቻ ባዶ ነበር። "እሱን እኔ በቃል እነግርሻለሁ፤ የእኔን ፋይል ማንም አያነበውም" ብለዋት ነበር ሊያንደር።

አንድ ነገር ግን ከራሷ ጨምራለች። ሰርቨሩ የማያውቀው አድራሻ ሲገጥመው መልእክቱን ጨርሶ እንዳይመልስ፣ "ቆይተህ ና" እንዲል አድርጋዋለች።

"አንቺ እኮ ጀልባ ብትሳፈሪ የነፍስ ማዳኛውን ጃኬት ደርበሽ ነው የምትለብሺው" ብለው ሊያንደር ስቀውባት ነበር።

የቢሮው መልእክት መግባት ጀመረ። የዓሣ ፋብሪካው መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ቬልማ የራሷን ሳጥን ከፈተች፤ ባዶ ነው። ዘግታ ከፈተችው።

"የብሬት አልመጣም" አለች።

"ይመጣል።"

"ሁልጊዜ እኮ በዚህ ሰዓት ነው የሚገባው! ሌሊቱን ደግሞ ነፋስ ነበር።"

አንድያ ልጇ ብሬት ከላብራዶር ጠረፍ ባሻገር ዕቃ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ይሠራል። አምና ማዕበል በተነሣ ጊዜ ለኩባንያው ደውላ "ልጄን አገናኙኝ" ብላ አለቀሰች። ካፒቴኑ ብሬትን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስጠራው። ከዚያ በኋላ ስሙ "የእማዬ ልጅ" ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ሲሄድ ወደቡ ላይ አቅፏት፣ "አልጽፍልሽም እማዬ፤ አንቺም አትጻፊ። ወደብ ስንገባ እደውላለሁ" አላት። እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ደብዳቤው በየጠዋቱ ሳጥኗ ውስጥ ይገባ ጀመር። "እንደምን አደርሽ ፍቅሬ" ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚህ ወደብ ባለ ሱቁም ደንበኛውን ፍቅሬ ይላል፤ የልጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ስለ ጉም ይነግራታል፤ ስለ ምግቡ ያማርራል፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው ይላል። በረዶ ላይ የወደቀችውን አለመርሳቱ ደስ አሰኝቷታል። ቃሏን ጠብቃ መልስ ሳትጽፍ፣ ልጁ አንጀቱ ራርቶ ነው ብላ ኖራለች።

እጇ ወደ ስልኩ ሄደ።

"እንዳትነኪው!" አሉ ሊያንደር። "ዛሬ የቀየርነው ነገር አለ፤ አይደለም? መጀመሪያ የራሳችንን እንይ።"

እውነት ነው። ፍርሃቷ ሳይለቃት የማወቅ ጉጉቷ ቀደመ። ሰርቨሩ ዳታቤዙን እንደሚጠይቀው አድርጋ ራሷ ጠየቀች። ሩክስ ሃርበር የእኛ ነው? አዎ አለ። ቬልማ አለች? አለች አለ።

"ልክ ነው። እኔ አለሁ። እንግዲህ ጥፋቱ የባሕሩ ነው" አለች።

"ሎጉን እይው።"

የሰርቨሩን የውሎ መዝገብ ከፍታ የራሷን ስም ፈለገች። ለእሷ የመጣ ምንም የለም።

ሊያንደር አገጫቸውን አከኩ። "የራስሽን ስም ተይው። የእሱን ፈልጊ።"

የብሬትን ስም ስትጽፍ ወዲያው ወጣ። የመርከቡ መልእክት ሰርቨሩ እንደተነሣ መጥቶ በሩን አንኳኩቷል! "ቆይተህ ና" ተብሎ ተመልሷል፤ እንደገና መጥቶ እንደገና ተመልሷል። ቬልማ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

"ጽፏል! በሕይወት አለ!"

ከዚያ መስመሩን እስከ መጨረሻው አነበበችው። መልእክቱ የተላከው ለእሷ አልነበረም፤ ለናን ትራይፊና፣ ጃይልስ ኮቭ ይላል።

ጃይልስ ኮቭ ሰው አይኖርበትም። ከብዙ ዓመት በፊት መንግሥት ነዋሪውን ሲያነሣ ሰዎቹ ቤታቸውን በገመድ አስረው፣ ውሃ ላይ እያንሳፈፉ ወደ ሩክስ ሃርበር ጎተቱት። አሁን እዚያ የቀረው መቃብሩ ነው። ትራይፊና፣ የቬልማ ባል እናት፣ ያኔ አራስ ነበሩ፤ ዛሬ ቤተሰቡ ሁሉ ናን፣ አያቴ፣ ይላቸዋል። ዶሜይኑን ሊያንደር ያወጡት ለጃይልስ ኮቭ ሰዎች ስጦታ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ በዚያ አድራሻ ይጻጻፋሉ። ቬልማ ደግሞ መንደሮቹን የሞላችው ሰው ከሚኖርበት ነበር።

"ለካ የናንን መንደር ነው ያጠፋሁት" አለች። ቀጥላ ዞር ብላ አየቻቸው። "ግን ለናን ከሆነ የሚጽፈው፣ እኔ ጋ እንዴት ይደርስ ነበር?"

ሊያንደር ኩባያቸውን አስቀመጡ። "እ... ግልባጩ።"

"የምን ግልባጭ?"

"ትራይፊና ናት። 'ቬልማ በጭንቀት ልታልቅ ነው፤ ለእኔ የሚጽፈውን ለእሷም አድርስላት' አለችኝ። ፋይሉ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ።"

"ብሬት ያውቃል?"

"የት አውቆ።"

ቬልማ የላኪውን ስም አይታ ወደ "ፍቅሬ" ትዘል ነበር እንጂ፣ ከላይ ለማን እንደተላከ አይታ አታውቅም። ጉልበትሽ እንዴት ነው። የእሷ ጉልበት እኮ ከዳነ ቆይቷል። በምርኩዝ የሚሄዱት ናን ናቸው።

"ተቀየምሽኝ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ መልእክቱ ይግባ።"

ጃይልስ ኮቭን መንደሮቹ መካከል ጻፈች። ናንን ከተቀባዮቹ ጨመረች። ዳታቤዙን ጠየቀችው፤ የእኛ ነው፣ አሉ አለ። ቀጥሎ ባዶውን የግልባጭ ሠንጠረዥ ከፈተች።

"ልንገርሽ?" አሉ ሊያንደር። "ከግራ ትራይፊናን፣ ከቀኝ አንቺን።"

ስሟን መጻፍ ጀመረች። ነገ ጠዋት ነፋስ ቢነሣ፣ ይህ መስመርም ባይኖር፣ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለች፤ መርከቡ ሲገለበጥ ከአሁኑ ይታያታል። ለካ ልጁ እንዳለው አልጻፈላትም ነበር። ለሌላ ሰው የተጻፈውን ነበር ስታነብ የኖረችው።

የጻፈችውን አጥፍታ ሠንጠረዡን ባዶውን ዘጋችው።

"ኧረ አንቺ ሴት! እንቅልፍ ልታጪ እኮ ነው!"

"እንቅልፍ ድሮስ መቼ ነበረኝ?"

የመርከቡ መልእክት ተመልሶ እስኪያንኳኳ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ጠበቁ። መጣ። በዚህ ጊዜ ሎጉ "ደረሰ" አለ። የናንን ሳጥን ከፍታ ማየት ትችል ነበር፤ የሁሉም ሳጥን ቁልፍ እጇ ላይ ነው። ስልኩን አነሣች። ሊያንደር ሊከለክሏት ብድግ አሉ።

"ናን? ቬልማ ነኝ። ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ። ብሬት ጽፎልዎታል፤ አሁን ገባ።" ጥቂት አዳመጠች። "አይ፣ እኔ አላነበብኩትም። ሻዩን ይጣዱት፤ መጣሁ። ሊነግሩኝ የፈለጉትን ብቻ ይነግሩኛል።"