ቢጫው ሳህን

ያን ሰሞን ሄመንን ቅናት እንቅልፍ ነሥቷታል። የቀናችው በሰው ባል ወይም በሰው ቤት ቢሆን ምን ነበረበት! እሷ የቀናችው በሳህን ላይ ትር ትር በምትል፣ ምስር በማታህል የሥጋ ቁራጭ ነው።

ከውጭ የመጡት የሰው ፅንስ ግንደ ህዋሳት ገና ምንም አልሆኑም፤ ቆዳም፣ ነርቭም፣ ልብም መሆን ይችላሉ። የቡራዩዋ ሄመንና የዓለም ገናዋ ዕድላዊት አዲስ አበባ ባለ ቤተ ሙከራ ወደ ልብ ሊለውጧቸው ሲለፉ ከርመዋል። ሳህኗ ላይ ያለው ልብ ቀድሞ የመታላት ለዶክትሬት ትማራለች ብለዋቸዋል አለቃቸው ዶክተር ተክሉ። የዕድላዊት መምታት ጀመረ። የሄመን ዝም።

«እሷ ደግሞ ምን ይሳናታል!» ትላለች ሄመን በሆዷ። የዕድላዊት ሳቅ ሳይቀር ያናድዳት ጀመር። ባለፈው ሳምንት የቡራዩ መንገድ ሲዘጋ የሄመንን ህዋሳት የምግብ ፈሳሽ እየቀየረች ያበላችላት ዕድላዊት ነበረች፤ አሁን ግን «ምን ጨምራበት ይሆን?» ብላ ጠረጠረቻት።

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ወጣቶች በሰበታ በኩል፣ በዕድላዊት መንገድ ላይ፣ ድንጋይ ደርድረው ጎማ ያቃጠሉ ዕለት ዕድላዊት ደወለች።

«ሄመንዬ፣ ነጋዳ? ደህና ነሽ? እዚህ ታክሲ የለም፤ ተኩስ ይሰማል። መንገዱ እስኪከፈት የኔዎቹን አብይልኝ፣ በናትሽ።»

«እሺ፣ አታስቢ።»

ሄመን የራሷን ሳህን አወጣች። አሮጌውን ፈሳሽ መጥጣ አዲሱን ቀይ ፈሳሽ ጨመረች። ሳይቀየር የሰነበተ ቢጫ ይሆናል፤ ህዋሶቹም ይሞታሉ። ወደ ዕድላዊት ሳህን እጇን ሰደደችና ሳትነካው መለሰች። መርዝ አልጨመርኩም፣ ምንም አላደረግኩም አለች ለራሷ። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ አደረገች።

መንገዱ ሲከፈት ዕድላዊት እየሮጠች ገባች። ሄመን የተለማመደችውን ተናገረች።

«የቡራዩም ተዘግቶ ነበር፤ ጭራሽ መምጣት አልቻልኩም። ስልኩም እምቢ አለኝ።»

«ተይው! ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው» ብላ አቀፈቻት።

ከዚያ ህዋሶቹ የሚቀመጡበትን የማሞቂያ ሣጥን በር ከፈተች። ሁለቱ ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሷ ቢጫ፣ የሄመን ቀይ። ሄመን ውሸቱን ስታዘጋጅ የራሷ ቀይ ሳህን እንደሚያጋልጣት ረስታለች። ፊቷ እሳት ሆነ።

ዕድላዊት የሄመንን ሳህን አጉሊ መነጽሩ ሥር አድርጋ ቆየች።

«ነይ እዪ» አለች በመጨረሻ። «ይመታል።»

ሄመን አጎንብሳ አየች። ትር፣ ትር። ስንት ሌሊት የተመኘችው ነገር ነው፤ ደስታው ግን አልመጣም።

ዕድላዊት ቢጫውን ሳህን ይዛ ወደ መድፊያው ሄደች።

«ባለፈው ህዋሶችሽን ሳበላልሽ» አለች ሳትዞር፣ «ጥግ ላይ ሲሰባሰቡ አይቼ እንደሚመቱ ገብቶኝ ነበር። ራስሽ አይተሽው ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»